በኖንኖንባ ልጅ አገር

ማክሰኞ፤ ከዮናጎ ወደ ሳካይሚናቶ

በዮናጎ ባቡር ጣቢያ ዜሮ ቁጥር የተሰጠው መሳፈሪያ አለ። በጃፓንኛ ዜሮን «ሬይ» ይሉታል፤ የሙት መንፈስንም «ሬይ» ይሉታል። ወደ ሳካይሚናቶ የሚሄደው ባቡር የሚነሣው ከዚህ ነው። ከቶኪዮ ማልደን ወጥተን ሺንካንሰን በተባለው ፈጣን ባቡር ኦካያማ ደርሰን፣ ከዚያ በተራሮች መካከል በሚጠማዘዘው ያኩሞ በተባለው ባቡር ከሁለት ሰዓት በላይ ስለተጓዝን ወዳጄም እኔም ዝለናል። መሳፈሪያው ላይ ስንደርስ ግን ድካሙ ለቀቀኝ። የባቡሩ ሁለት ጎን በሥዕል ተሸፍኗል፦ ግራ ዓይኑን በጸጉሩ የጋረደ ልጅ፣ ካባ የለበሰ ጢማም የአይጥ ሰውዬ፣ አካሉ የልጅ፣ ራሱ ግን አንድ ትልቅ ዓይን ብቻ የሆነ አባት።

ይህን ዓለም የሣለው ሰው ሺጌሩ ሚዙኪ ይባላል። በ1922 ተወልዶ በ2015 በ93 ዓመቱ ያረፈ የማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ፣ ሠዓሊ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከአዲስ አበባ በኢንቼዎን በኩል አድርጌ ናሪታ ድረስ የመጣሁት የቶኪዮ መብራት ናፍቆኝ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ስለ ጦርነቱ የሣለውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቤ ሳበቃ፣ ይህን የሣለው እጅ አንድ ብቻ መሆኑን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አገሩን ካላየሁ አላርፍ አልሁ። ቶኪዮ የሚኖረው የልጅነት ወዳጄ «አስተረጉምልሃለሁ፣ ና» ብሎ ጋበዘኝ።

የሳካይ መስመር 18 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጣቢያዎቹ ግን 16 ናቸው፤ እያንዳንዱም ከስሙ ሌላ የዮካይ ስም ተጨምሮለታል። ዮናጎ «የአይጥ ሰውዬ» ጣቢያ ነው፤ የመጨረሻው ሳካይሚናቶ ደግሞ «ኪታሮ»፤ ያ ግራ ዓይኑን በጸጉሩ የጋረደው ልጅ። ዮካይ ምን እንደሆነ በአንድ ቃል ልፈታው ሞክሬ አቃተኝ። ጭራቅ ብለው ጨካኝ ይሆንብኛል፤ ጋኔን ብለው ከሃይማኖት ጋር ይጣላብኛል። ቆሌም አለበት፣ አድባርም አለበት፣ ሕፃን ማስፈራሪያም አለበት። ከሰው ጋር ጎረቤት ሆኖ የሚኖር፣ አንዳንዴ የሚተናኮል፣ አንዳንዴም የሚረዳ ፍጥረት ነው። በባቡሩ ውስጥ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ተማሪዎች እነዚያን ሁሉ ፍጥረታት ደገፍ ብለው ይተኛሉ።

ሳካይሚናቶ ስንወርድ ጣቢያው ፊት ለፊት ሚዙኪ ራሱ በነሐስ ተቀርጾ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይሥላል፤ ኪታሮና የአይጥ ሰውዬው አጠገቡ ናቸው። ያረፍንበት ቤት ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ከወደቡ የመጣ ቀይ ሸርጣን አቀረቡልን፤ ይህ ወደብ ከሚታወቅበት ነገር አንዱ እርሱ ነው። ሸርጣን በእኛ ዘንድ የሚበላ አይደለምና ዓሣና ሩዝ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ አልተቀየሙም። «አያትዎ የከለከሉት ነገር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ አያቴ ናት አልኋቸው።

ረቡዕ፤ 177 ነሐሶች

ጠዋት ዝናብ ያካፋ ነበር። የሚዙኪ ሺጌሩ መንገድ ከጣቢያው ተነሥቶ 800 ሜትር ያህል ይዘልቃል። በ1993 በ23 ሐውልቶች ተጀመረ፤ ዛሬ 177 ናቸው። የዓሣ ገቢ የቀነሰበትና ሱቆቹ አንድ በአንድ የሚዘጉበት ከተማ፣ ተወላጁ ከሣላቸው ፍጥረታት ጋር መንገዱን ሲካፈል እንግዳ ይጎርፍለት ጀመር። የዮናጎ አየር ማረፊያ ሳይቀር «ኪታሮ» የሚል ስም ታክሎለታል።

ሐውልቶቹ እንደ አደባባይ ሐውልት ከላይ ወደ ታች የሚያዩ አይደሉም። ብዙዎቹ በአንድ ክንድ የሚታቀፉ ትንንሽ ናቸው፤ እነርሱን ለማየት ማጎንበስ ያስፈልጋል። አሸዋ የምትበትነው አሮጊት አለች። የሚያለቅስ ሕፃን መስሎ ያቀፈው ሰው ላይ እንደ ድንጋይ የሚከብደው ሽማግሌ አለ። በሌሊት መንገደኛን የሚያግደው ግድግዳ፣ በሰማይ የሚንሳፈፈው የጥጥ ጨርቅ፣ በወንዝ ዳር አዙኪ የተባለችውን ቀይ ባቄላ ሲያጥብ ድምፁ ብቻ የሚሰማው፣ ሁሉም በየተራው ቆሟል። ሕዝቡ እየዳሰሳቸው ያልፋል፤ የአንዳንዶቹ ራስ ከእጅ ብዛት ወርቅ መስሏል።

እኔ ቀኑን ሙሉ ያሰብሁት ግን ስለ አንዲት ድኻ አሮጊት ነው። ስማቸው ፉሳ ካጌያማ ነበር፤ ልጆቹ «ኖንኖንባ» ይሏቸዋል። «ኖንኖን» በአካባቢው ወግ ለአማልክትና ለቡድሃ የሚሰግድ ሰው መጠሪያ ነው፤ ባላቸው ጸሎት በማድረስ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ኖንኖንባ በሙራ ቤተሰብ ቤት በሥራ ያግዙ ነበር። ሺጌሩ ሙራ (እውነተኛ ስሙ ይህ ነው) አፉን ዘግይቶ የፈታ፣ የራሱን ስም መጥራት አቅቶት «ጌጌሩ» የሚል ልጅ ነበር። ኋላ በሥራው ርእስ ላይ የገባው «ጌጌጌ» ከዚህ የልጅነት አንደበት የወጣ ነው።

ይህ ልጅ ጣሪያው ላይ ያለውን እድፍ አይቶ ምንድን ነው ሲል ኖንኖንባ ይነግሩታል፦ ሌሊት ሁሉ ተኝቶ ሳለ ረጅም ምላስ ያለው ጣሪያ ላሽ መጥቶ የላሰበት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ካልጸዳ ደግሞ ቆሻሻ የሚልስ ሌላ አለ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያ ሲያይ ጣሪያ ብቻ አላየም።

አያቴን እምዬ ነበር የምንላት። ጎጃም ውስጥ፣ ከቤታችን በታች ወንዝ ይወርዳል። «በቀትር ወንዝ አትውረድ፣ የቀትር ጋኔን ይለክፍሃል» ትለኛለች። አመድ የተደፋበት ላይ መቆም አይፈቀድም፤ የፈላ ውኃ በጨለማ ሲደፋ የሥላሴ ስም መጠራት አለበት፤ እዚያ ያሉት እንዳይቃጠሉ። እዚያ ያሉት! ስማቸውን እንኳ አትጠራም ነበር። ከተማ ገብቼ ትምህርት ስጀምር ይህን ሁሉ ድንቁርና ነው ብለው አስተማሩኝ፤ እኔም አመንሁ። እምዬ ከዚህ ዓለም ስትለይ አንዱንም አልጻፍሁትም ነበር። ከሐውልት ሐውልት እያጎነበስሁ ስሄድ የከበደኝ ይህ ነው።

ማታ መንገዱ ሌላ ይሆናል። ከ2018 ወዲህ ጨለማ ሲሆን ከመብራት የሚወጣ የዮካይ ጥላ በእግረኛው መንገድ ላይ ይሄዳል። ሱቆች ተዘግተዋል፣ ወዳጄ ተኝቷል፤ ብቻዬን ወጣሁ። ከኋላዬ የእርምጃ ድምፅ ሰማሁ። ስቆም ቆመ፤ ስራመድ ተከተለኝ። የራሴ ጫማ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ነበር፤ አውቄዋለሁ። ኖንኖንባ ግን ለትንሹ ሺጌሩ እንዲህ ያለውን ነገር በስሙ ነግረውት ነበር፦ ቤቶቤቶ-ሳን ነው። ከኋላ ይከተላል እንጂ አይጎዳም፤ መንገድ ዳር ቆሞ «እርስዎ ይቅደሙ» ያለውን ሰው አልፎት ይሄዳል። ዳር ይዤ ቆምሁና በአማርኛ «ይቅደሙ» አልሁ። በባዶ መንገድ ላይ ለማይታይ እንግዳ በአክብሮት ቦታ መልቀቅ እንዴት ያለ ሰላም እንደሚሰጥ አላውቅም ነበር። ፍርሃትን በትኅትና የሚያሰናብት ሕዝብ የትም ቢሆን ወገኔ ነው።

ሐሙስ፤ የሲኦል ሥዕልና የራባውል ጫካ

ሾፉኩጂ የተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ከከተማው ማዕከል ወጣ ብሎ ነው። ኖንኖንባ ልጁን እጁን ይዘው ያመጡት እዚህ ነበር፤ የሲኦልንና የገነትን ሥዕል ሊያሳዩት። ልጁ ከዚያ ሥዕል ዓይኑን ሊያነሣ አልቻለም። እኔም በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የምጽአቱን ሥዕል ሳይ፣ ጻድቃኑን ትቼ እሳቱ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እቆጥር ነበር። እምዬ ነጠላዋን ዓይኔ ላይ ትጋርድብኛለች፤ እኔ በነጠላው ውስጥ አጮልቃለሁ። ሥዕል ማለት የማይታየውን ማሳያ መሆኑን ሁለታችንም በአያቶቻችን እጅ ነው የተማርነው።

ከሰዓት በኋላ ቤተ መዘክሩ ገባን። በ2003 የተከፈተ ነው፤ በ2024 በአዲስ ሕንፃ እንደገና ተከፍቷል። እዚህ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም የሚዙኪ ሕይወት ለሁለት የሚከፈለው በራባውል ነው።

በ1943 ለውትድርና ተጠርቶ ራባውል ወደምትገኝባት፣ ዛሬ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ክፍል ወደሆነችው ኒው ብሪተን ደሴት ተላከ። ሲያረፍድ የሚጠፈጠፍ፣ ትእዛዝ የማይገባው ተራ ወታደር ነበር። ከዋናው ጦር ርቆ በነበረ አንድ ጥበቃ ጣቢያ አሥር ሆነው ተመድበው ሳለ፣ እርሱ የንጋት ዘብ ላይ በነበረበት ሰዓት ጠላት የተኙትን ወረራቸው። በወቅቱ በሩቅ ማያ መነጽሩ በቀቀኖችን እያየ ነበር። ጓደኞቹ አለቁ፤ እርሱ ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ ጠመንጃውን ጥሎ፣ በጫካ ተሳቦ ለቀናት ተጉዞ ወገኖቹ ዘንድ ደረሰ። «እንኳን ተረፍህ» ያለው አለቃ አልነበረም። ሁሉም ሲሞቱ አንተ ለምን አልሞትህም፣ ጠመንጃውስ የት አለ ነው የተባለው። ከዚያ ወባ ያዘው። በወባ ተኝቶ ሳለ የአየር ድብደባ መጣ፤ ግራ ክንዱ ቆሰለ፣ ያለ ማደንዘዣም ተቆረጠ።

በዚህ ሁሉ መካከል ከጦር ሰፈሩ አቅራቢያ የቶላይ ሕዝብ መንደር ነበር። ባለአንድ እጁ ወታደር ወደ መንደሩ እየሄደ ይበላ፣ ይጫወት ጀመር። «ፓውሎ» ብለው ስም ሰጡት። ጦርነቱ ሲያበቃ መሬት እንሰጥሃለን፣ ቤት እንሠራልሃለን፣ እዚሁ ቅር አሉት፤ እርሱም ሊቀር ነበር። ቢያንስ ወላጆችህን አይተህ ተመለስ ብሎ ያግባባው ሐኪም ነው። እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። የተመለሰው ከሩብ ምእተ ዓመት በኋላ፣ በ1971 ነው፤ መንደርተኞቹ አልረሱትም ነበር። ይህን የሕይወቱን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። የገዛ ሠራዊቱ ለምን አልሞትህም ያለውን ሰው፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው የመንደር ሰዎች እዚህ ኑር አሉት። ኋላ በሥዕሎቹ ውስጥ ሰው ያልሆኑት ፍጥረታት ከሰው ይልቅ ርኅሩኅ ሆነው የሚታዩት ያለ ምክንያት አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ጦርነቱ የሣለውን መጽሐፍ ያወጣው በ1973 ነው። ሁላችሁም በክብር ሙቱ ተብለው ወደ ጥይት ስለተላኩ ወታደሮች ነው፤ ዘጠና በመቶው እውነት ነው ብሎ ነበር። ወታደሮቹ ክብ ፊት፣ በጥቂት መስመር የተሣሉ፣ ልጅ የሚሥላቸው የሚመስሉ ናቸው። ጫካው ግን ቅጠል በቅጠል፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ተለቅሞ የተሠራ ነው፤ ፎቶግራፍ ይመስላል። ከቀረቡት ሰው ቀላል፣ ምድሩ ከባድ። በመጨረሻው ገጾች ላይ ሰዎቹም እንደ ጫካው በነጠብጣብ ይሣላሉ፤ ሬሳ ስለሆኑ። ወዳጄ «እንውጣ፣ መሸ» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ዓርብ፤ በመስኮት

ዳይሰን ተራራ ጫፉ በደመና ተሸፍኖ ሸኘን። ስለ ዛሬ ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ቀኑ በባቡር አለቀ። አንዲት ነገር ብቻ፦ ሺንካንሰኑ ሺን-ኮቤ ሲቆም ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። «ሚዙኪ» የሚለው ስም የተወለደው በዚህ ከተማ ነው። ከጦርነቱ ተመልሶ ዓሣ ሸጧል፣ በብስክሌት ሰው አመላልሷል። ኋላ ኮቤ ውስጥ በዕዳ አንድ የኪራይ ቤት ገዝቶ «ሚዙኪ-ሶ» አለው። ያኔ ካሚሺባይ የተባለውን የወረቀት ትያትር ይሥል ነበር፤ ተራኪው ሥዕሎቹን በብስክሌት ጭኖ በየሰፈሩ እየዞረ ለሕፃናት ከረሜላ እየሸጠ የሚያሳየው ነው። ሥዕል የሚያሠሩት ሰው ስሙን ትተው በቤቱ ስም «ሚዙኪ» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ እንደዚያው ቀረ። ኪታሮንም ያገኘው በዚያ ነው። የመቃብር ልጅ የሆነ ኪታሮ ከጦርነቱ በፊት በሌላ ሰው የተጻፈ የካሚሺባይ ታሪክ ነበር፤ በ1954 እርሱ እንደ አዲስ ይሥለው ጀመር። ቴሌቪዥን መጣና ካሚሺባይን ገደለው። የኪራይ ቤቱም በዕዳ ሄደ። በ1957 ባዶ እጁን ቶኪዮ ገባ።

ቅዳሜ፤ ቾፉ

ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ቾፉ ቅርብ ናት። ሚዙኪ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረባት ከተማ ናት፤ በቴንጂን መንገድ ላይ ኪታሮና ጓደኞቹ እዚህም ቆመዋል።

በ1961 ኑኖዌ የተባለችውን የሺማኔ ልጅ አገባ። ተዋውቀው በአምስተኛው ቀን ነው የተጋቡት፤ እርሱ 38፣ እርሷ 29 ዓመታቸው። ሙሽራይቱ ያገኘችው ባል በማንጋ የሚተዳደር ነው ተብላ ነበር፤ የሚተዳደርበት ማንጋ ግን ለኪራይ መጻሕፍት ቤቶች የሚታተም ርካሽ ነገር ነበር፤ ሰው በሳንቲም ተከራይቶ አንብቦ የሚመልሰው። አሳታሚዎቹ ይከስራሉ፣ ክፍያው ይቀራል፣ ልብስ መያዣ ቤት ይገባል። ኑኖዌ ግን ሌሊት ከበሩ ቆማ ጀርባውን ታይ ነበር፦ አንድ እጅ፣ አንድ መብራት፣ የማያቋርጥ የብዕር ድምፅ። ያን ጀርባ አይታ አመነችው። ቀለም መሙላትና መስመር ማስመር ታግዘውም ነበር። የእርሷን ትዝታ መሠረት አድርጎ የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤን ኤች ኬ በ2010 ተከታታይ ድራማ ሲሠራ አገሩ ሁሉ ተከታተለው። ስለ ሠዓሊው ሲወራ ስሟ በሁለተኛ ደረጃ መነሣቱ ትክክል አይመስለኝም።

ዕድሉ የተቀየረው በ1965 ነው። ቴሌቪዥን ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣ ልጅ የሣለው አጭር ታሪክ ኮዳንሻ የተባለውን አሳታሚ የሕፃናት ማንጋ ሽልማት አገኘ። ኪታሮ ወደ ትልቁ ሳምንታዊ መጽሔት ገባ። ወደ ቴሌቪዥን ሊሸጋገር ሲል በርእሱ ላይ ያለው «መቃብር» የሚለው ቃል የማስታወቂያ ከፋዮችን ስላስፈራ ስሙ «ጌጌጌ» ሆነ፤ በጥር 1968 ተላለፈ። ሥራው ሲበዛ ረዳቶች ቀጠረ፤ ዮሺሃሩ ጹጌና ርዮኢቺ ኢኬጋሚ ከእነርሱ መካከል ነበሩ፤ ሁለቱም በኋላ በራሳቸው ታላላቅ ሆኑ። ስለ ኖንኖንባ የሣለው መጽሐፍ ደግሞ በ2007 በፈረንሳይ በአንጉሌም የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ፌስቲቫል የዓመቱ ምርጥ ተባለ፤ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው ማንጋ ነው። የመንደር አሮጊት ወግ!

አንድ ጨዋታ ደግሞ ወዳጄ ሶባ የተባለውን የጃፓን ፓስታ እየበላን ነገረኝ። ጂንዳይጂ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት ተቀምጠናል፤ ቦታው በሶባው ይታወቃል፤ የኪታሮ ሻይ ቤትም እዚሁ ሰፈር ነው። የማንጋ ሠዓሊዎቹ ኦሳሙ ቴዙካና ሾታሮ ኢሺኖሞሪ ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳደሩ ሲጫወቱ፣ ሚዙኪ «እኔ በቀን አሥር ሰዓት እተኛለሁ» አላቸው። ሁለቱ ታላላቅ ሠዓሊዎች በ60 ዓመታቸው ሞቱ፤ ሚዙኪ ይህን ራሱ በሥዕል አስፍሮታል። ስለ ደስታ ካወጣቸው ሰባት ሕጎች ውስጥ ስድስተኛው ሰነፍ ሁን ይላል፤ ሰባተኛው የማይታየውን ዓለም እመን ይላል። ያን የመሰለ ጦርነት ውስጥ በግዳጅ የተሯሯጠ ሰው ሰነፍ ሁን ሲል ቀላል ነገር እየተናገረ አይደለም።

መቃብሩ በቾፉ ካኩሾጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ገና በሕይወት ሳለ ያሠራው ነው፤ ኪታሮና የአይጥ ሰውዬው በድንጋይ ተቀርጸው ይጠብቁታል። አጠገባችን አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ መጣች፤ ልጁ እጁን አጋጥሞ ሰገደና ለኪታሮ ደህና ሁን ብሎ እጁን አወዛወዘ። እኔ ዝም ብዬ ቆምሁ።

ማታ በሦስት ሰዓት ለእናቴ ደወልሁላት፤ በእኛ አገር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «እማ፣ እምዬ በቀትር ወንዝ ዳር ስሟ ስለተጠራው ልጅ ትነግረን አልነበር? በእናቷ ድምፅ ሁለት ጊዜ ሲጠራት አልመለሰችም፤ ሦስተኛው ላይ ምን ሆነች?»

«ጃፓን ድረስ ሄደህ ነው ይህን የምትጠይቀኝ?»

«አዎ።»

ዝም አለች። «እኔ የማውቀው ሦስተኛው የእናቷ ድምፅ አልነበረም። የገዛ ድምፅዋ ነው። አክስትህ ግን ሌላ ነው የምትለው፤ እርሷንም መጠየቅ አለብህ።» ከጀርባዋ የሲኒ ድምፅ ተሰማኝ። «ቆየኝ፣ ሁለተኛው ፈልቷል፤ ቀድቼ ልመለስ። እስክሪብቶ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ» አልኋት።